የወርቅ ሳንቲሜ እውነተኛ ነው? የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ማግኔት አስጠግቼበት አልተሳበም። ወርቅ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ከተሳበ ጣጣ አለው። ካልተሳበ ግን ምንም አላወቅህም፤ ነሐስም መዳብም እርሳስም በማግኔት አይሳቡም። በማግኔት የሚያዘው ሰነፍ አጭበርባሪ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ እያለሁ ሶቨሪን የሚባለውን የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም ገዝቼ ነበር። ቤቴ ሆኜ እንዴት ልፈትሸው?

እህቴ፣ የግራም መቶኛ የሚያነብ ሚዛንና ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት የሚለካ መሣሪያ) ፈልጊ። የሽንኩርት ሚዛን አይሆንም። ሙሉ ሶቨሪን 22 ካራት ነው፤ 7.98 ግራም ይመዝናል፣ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 22.05 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ግድም። ሦስቱንም አንድ ላይ እዪ። መጠናቸው እኩል ሆኖ፣ ነሐስ የወርቅን ግማሽ ያህል እንኳ አይከብድም። ስለዚህ ክብደቱን ያሟላ አስመሳይ ወይ ይወፍራል ወይ ይሰፋል። ብዙ እጅ የነካው አሮጌ ሳንቲም ትንሽ ቢቀል ግን አትደንግጪ።

ጥያቄ፦ በውሃ ይፈተሻል የሚባለውስ?

ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ እያንጠለጠላችሁ ውሃው ውስጥ አጥልቁት። ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። የተጣበቀ የአየር አረፋ ካለ አራግፉት። አሁን ሚዛኑ ላይ የሚታየው፣ ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። የሳንቲሙን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍሉት። 22 ካራት ከሆነ 17.5 አካባቢ ይመጣል፤ ንጹህ ወርቅ 19.3። ስምንት ተኩል ከመጣ ነሐስ ገዝታችኋል። ለሶቨሪን ሚዛኑ 0.45 ግድም፣ 33.93 ግራም ለሚመዝነው ክሩገራንድ ለሚባለው የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ሳንቲም ደግሞ 1.93 ግድም ያሳያል።

ጥያቄ፦ ተንግስተን የሚባለው ከባድ ብረት የውሃውንም ፍተሻ ያታልላል ሲሉ ሰማሁ።

እውነት ነው፤ ከንጹህ ወርቅ ጋር በክብደት ይመሳሰላል። ግን በጣም ጠንካራ ስለሆነ ጥርት ያለ ምስል ማተም አይመችም። ይበልጥ የሚያሰጋው በጡብ ወርቅ ላይ ነው። እዚያ ላይ ድምፅ ወደ ውስጥ የሚልክ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የብረቱን ዓይነት በኤክስሬይ ጨረር የሚለየው ማሽን የሚያነበው ላዩን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ባንክ የተረከበው ወርቅስ ያሰጋል?

በ2000 ዓ.ም. ከብሔራዊ ባንካችን ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ፣ ወርቅ የተቀባ ብረት ሆኖ ተገኝቷል። ብረት እኮ ውሃ ውስጥ ቢነከር ወዲያው ይጋለጣል!

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት የምኒልክ ሳንቲም አለኝ። ወርቅ ቤቱ በአሲድ ልፈትሸው አለኝ።

አይንካው። በአሲድ ለመፈተሽ ሳንቲሙን ይጭሩታል፤ ጭረት ደግሞ የሰብሳቢ ዋጋውን ይቀንሳል። አትወልውለውም። ማንጠልጠያ ከተበየደበት ደግሞ ክብደቱ ብቻውን አይታመንም፤ አሮጌ ሳንቲም ለሚያውቅ ሰው አሳየው።