ፍልስፍና እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ አዲስ አበባ ሦስተኛ ዓመት ፍልስፍና እማራለሁ። ወሎ ተመልሼ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥንታዊ ፍልስፍና ማስተማርና የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከር እፈልጋለሁ። አባቴ ግን «ፕሌቶ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። አባትሽም ግን አልተሳሳቱም። እንጀራው የሚመጣው ከፕሌቶ ሳይሆን ከሎጂክ ነው። ደሴም ሆነ ወልዲያ ብትቀጠሪ፣ ጊዜሽን የሚበላው የአንደኛ ዓመቱ «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» ነው። ኢንጂነሪንግ የሚገባውም ይወስደዋል። ክፍሉ ጢም ይላል፤ የኋላ ወንበር ያንቀላፋል። ፕሌቶ በሴሚስተር አንድ ኮርስ ከደረሰሽ ዕድለኛ ነሽ።

መንገዱን ታውቂዋለሽ፦ በማስተርስ ሌክቸረር፣ ከፒኤችዲ በኋላ ረዳት ፕሮፌሰር። የቅጥር ማስታወቂያ እንደ ልብ አይወጣም፤ ስለዚህ ውጤትሽን ጠብቂ።

ማማከሩ ላይ ግን ልቆይ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚገባበት እሱ ነውና። እኔም አስተምሬ ነበር። አንድ ልጅ ስለ ሶቅራጥስ አርባ ገጽ ይዞልኝ መጣ። ሠላሳው ከኢንተርኔት የተለጠፈ ነው። ተናደድኩ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጥኩና «እስቲ በአማርኛ ንገረኝ፤ ሶቅራጥስ ከእስር ቤት ለምን አላመለጠም?» አልኩት። ልጁ የገጠር ልጅ ነው፤ ስለ አበጋር፣ ስለ ወሎ የዕርቅ ሽማግሌ፣ አወራኝ። አበጋር ፊት ቀርቦ፣ እሺ ብሎ፣ ሲፈረድበት ጊዜ የሚሸሽ ሰው ምን እንደሚባል ነገረኝ። «ክሪቶ» በሚለው የፕሌቶ ድርሰት ላይ የአቴና ሕጎች ሶቅራጥስን የሚሞግቱት እኮ እንዲሁ ነው፤ ሰባ ዓመት ሙሉ ከተማችን ውስጥ ስትኖር ተስማምተህ ነበር ይሉታል። አርባውን ገጽ ጣልነው። ከዚያ አራት ድራፍት አነበብኩለት። በየድራፍቱ የፒዲኤፍ ገጽ ቁጥር እየጠቀሰ አስቸግሮኛል። ፕሌቶ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1578 በወጣው እትም ቁጥሮች ነው፣ አርስቶትል ደግሞ ቤከር ባዘጋጀው እትም ቁጥሮች፤ ይህን ስንት ጊዜ እንደምትደጋግሚ አትጠይቂኝ።

ሌላው ቋንቋ ነው። በትርጉም ብቻ ፒኤችዲ ድረስ መሄድ ይከብዳል። ግሪክኛ አሁኑኑ ጀምሪ፤ ግን ደጅሽ ያለውን አትናቂ። የሶቅራጥስና የአርስቶትል ናቸው የተባሉ አባባሎች ያሉበት መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን በ16ኛው መቶ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተተርጉሟል። ዋድላ የቅኔ አገር ነው። ማንጢቅ፣ ማለት ሎጂክ በዐረብኛ፣ የቀሩ ሼህ ካገኘሽ ደግሞ ኢሳጉጂ የሚባለውን የሎጂክ መጽሐፍ ጠይቂያቸው፤ ስሙ የመጣው ፖርፊሪ በግሪክኛ ከጻፈው የሎጂክ መግቢያ ነው። ግዕዝ ወይም ዐረብኛ ያነበበ የፍልስፍና መምህር ብዙ የለም፤ አንቺን ከሌላው አመልካች የሚለይሽ ይህ ነው።

ማስተርስ ከማመልከትሽ በፊት አንድ ነገር ሞክሪ። ዘንድሮ ሲኒየር ኤሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ) የምትጽፍ ጓደኛ አትጠፋሽም። ድራፍቷን ተቀበያትና መስመር በመስመር አንብቢላት። ሦስተኛው ድራፍት ላይ ስትደርሺ ካልሰለቸሽ ጻፊልኝ፤ ለአባትሽ የምትነግሪውን ያኔ አብረን እናስባለን።