ለፖሊኖሚያል ተማሪዎች፦ ስለ ዲግሪ፣ ስለ ዜሮና ስለ መታጠፊያ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ ተማሪ «ዲግሪው 4 ከሆነ ግራፉ የግድ 3 ቦታ ይታጠፋል አይደል?» ብሎ ጠየቀ። የግድ አይደለም። ዲግሪው፣ ማለትም የኤክስ ትልቁ ፓወር፣ 4 መሆኑ የሚነግራችሁ ጣሪያውን ብቻ ነው፤ ዜሮዎቹ (ፖሊኖሚያሉን 0 የሚያደርጉት የኤክስ ዋጋዎች) ከ4፣ መታጠፊያዎቹ (ግራፉ ከመውረድ ወደ መውጣት ወይም ከመውጣት ወደ መውረድ የሚዞርባቸው ቦታዎች) ከ3 አይበልጡም።

ኤክስ⁴ − 4ኤክስ³ን ውሰዱ። ኤክስ³ ሲወጣ ኤክስ³(ኤክስ − 4) ይሆናል። ዜሮዎቹ 0 እና 4 ብቻ ናቸው፤ 0 ሦስት ጊዜ ስለሚቆጠር ድምሩ 4 ይሞላል። ዴሪቬቲቩ (የግራፉን ዝንባሌ የሚነግረን፤ ፖዘቲቭ ሲሆን ግራፉ ይወጣል፣ ኔጌቲቭ ሲሆን ይወርዳል) 4ኤክስ²(ኤክስ − 3) ነው። እሱም 0 እና 3 ላይ ዜሮ ስለሚሆን ብዙዎቻችሁ ቶሎ ብላችሁ «ሁለት መታጠፊያ» ትላላችሁ። ቆይ፣ መጀመሪያ የዴሪቬቲቩን ምልክት መርምሩ። −1 ላይ −16፣ 1 ላይ −8 ነው። ከ0 በፊትም በኋላም ኔጌቲቭ ስለሆነ ግራፉ እየወረደ መጥቶ 0 ላይ ለጥ ይልና መውረዱን ይቀጥላል። 4 ላይ ግን 64 ነው፤ ስለዚህ 3 ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ይዞራል። መታጠፊያው (3, −27) ብቻ ነው።

ሁለት እንደማይሆን ሳትሰሉም መናገር ይቻል ነበር። ዲግሪው ተጋማሽ ሲሆን ሁለቱ ጫፎች ወደ አንድ አቅጣጫ ያመራሉ። ከላይ ወርዶ መልሶ ሽቅብ የሚጨርስ ግራፍ 1 ወይም 3 ጊዜ ይታጠፋል እንጂ 2 ጊዜ አይታጠፍም። ለዲግሪ 3 ደግሞ 2 ወይም 0 ነው።

የዛሬ ልጆች እርሳስ ሳታነሡ ግራፉን ስልክ ላይ ታወጣላችሁ። አልወደውም፤ መልስ ለማረጋገጥ ግን እኔም እሱኑ እከፍታለሁ። ብቻ ስክሪኑ ከ−10 እስከ 10 ብቻ የሚያሳይ ከሆነ −27 ከታች ተቆርጦ ይቀርና መታጠፊያው ጭራሽ አይታይም። የዋይን ክልል እስከ −30 አውርዱት።

ከግራፍ ተነስታችሁ ዲግሪ ስትገምቱም 3 መታጠፊያ አይታችሁ «4 ነው» አትበሉ። 6ም 8ም ሊሆን ይችላል፤ ከ4 አያንስም ማለቱ ይበቃል።

በሁለት የተለያዩ ዜሮዎች መካከል ሁሌም ቢያንስ አንድ መታጠፊያ አለ። ግልባጩ ግን አይሠራም። ኤክስ³ − 3ኤክስ + 5 በ−1 እና በ1 ላይ ይታጠፋል፤ ከፍታዎቹ 7 እና 3 ናቸው። ሁለቱም ከኤክስ መስመር በላይ ስለዋሉ ሪያል ዜሮው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በ−3 እና በ−2 መካከል ይገኛል። የቀሩት ሁለቱ ኮምፕሌክስ ናቸው፤ ማለትም ግራፉ ላይ አይታዩም።