ግሌዙ አልታዘዝ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ግሌዝ፣ ማለትም ሸክላ ላይ ተቀብቶ እቶን ውስጥ እንደ መስታወት ስለሚቀልጠው ልባስ፣ የሰሞኑ ጥያቄዎች በሙሉ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር የመጡ ናቸው። አይገርምም። እቶን ቦታ ይፈልጋል፣ አቧራውና ጭሱ ጎረቤት ያስቀይማል፣ የመሃል ከተማ ኪራይ ደግሞ አይቀመስም። ብዙ ሰው የሚቸገርባቸውን መርጫለሁ።

ከለገጣፎ፦ ግሌዝ በጥብጬ በባልዲ አስቀምጣለሁ። በሳምንቱ ስከፍተው ታቹ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቀኛል። ውሃ ስጨምርበት ይቀጥንና እቃው ላይ አይዝም። ምን ይሻለኛል?

መጀመሪያ ውሃ መጨመሩን ይተዉት። ላዩ የቀጠነው ውሃ በዝቶ ሳይሆን ዱቄቱ ታች ስለተኛ ነው። ላይ ያለውን ውሃ ወደ ሌላ ባልዲ ይገልብጡት፤ እንዳይደፉት። ዝቃጩን በጠንካራ ማንኪያ ፈቅፍቀው ያላቁት። ከዚያ ያንኑ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየመለሱ ያማስሉት። በመጨረሻ በወንፊት ያሳልፉት። የዱቄት ወንፊት ግን አይሆንም፣ ቀዳዳው ሰፊ ነው። በአንድ ኢንች 80 ቀዳዳ ያለው ይፈልጉ።

ለምን ይዘቅጣል? ግሌዝ ውሃ ውስጥ ያለ የድንጋይ ዱቄት ነው። ድንጋይ ይሰምጣል። ይዞ የሚያንሳፍፈው ሸክላ ነው። ቅመማዎ አብዛኛው ፍሪት (ቀልጦ የተፈጨ መስታወት) ሆኖ ካኦሊኑ (ነጩ ሸክላ) ከ100 እጅ 10 የማይሞላ ከሆነ መዝቀጡ አይቀርም። በሚቀጥለው ሲቀምሙ 2 እጅ ቤንቶናይት (እጅግ ደቃቅ ሸክላ) ይጨምሩ። ከሌላው ዱቄት ጋር በደረቁ ይቀላቅሉት፤ ብቻውን ውሃ ውስጥ ከገባ ይጓጉላል። አሁን ላለው ባልዲ ደግሞ ማግኒዥየም ሰልፌት (ኤፕሰም ሶልት የሚባለውን ጨው) ይሞክሩ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ በሙቅ ውሃ አሟሙተው ለ5 ሊትር ግሌዝ ይጨምሩና ያማስሉ። ሲወፍር በእጅዎ ይታወቅዎታል።

ዋናው ነገር ግን መመዘን ነው። በሲሪንጅ 100 ሚሊ ሊትር ግሌዝ ለክተው በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት። እቃ ነክረው የሚያወጡበት ግሌዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ140 እስከ 150 ግራም ይመዝናል። ጥሩ የሠራልዎትን ቁጥር ባልዲው ላይ ይጻፉት። የዓይን ግምት ለወጥ ይበቃ ይሆናል፣ ለግሌዝ አይበቃም። ቅመማው ተበላሸ ብለው ከሚጽፉልኝ አብዛኞቹ ቅመማቸው ደህና ነው፤ ውሃው ነው ያልተለካው። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነም ይጠርጥሩት። በውስጡ የሟሟው ጨው ግሌዙን ያለ ምክንያት ሊያወፍረው ወይም ሊያቀጥነው ይችላል። አንድ ጊዜ በዝናብ ውሃ ሞክረው ያወዳድሩ።

ከቡራዩ፦ የባህር ዛፍ አመድ ግሌዝ ይሆናል ሲባል ሰምቼ አመዱን ከቀይ ሸክላ ጋር በጠበጥኩት። በ1050 ዲግሪ አቃጠልኩት። አልቀለጠም፤ ስነካው እንደ ጠመኔ እጄ ላይ ይቀራል። ተማሪ ነኝ፣ ብዙ ወጪ አልችልም።

የሰማሽው እውነት ነው፣ ሙቀቱ ነው ያነሰሽ። የባህር ዛፍ አመድ ካልሲየም ይበዛበታል። ካልሲየም ደግሞ ድንጋዩን ለማቅለጥ የሚያግዘው ከፍ ባለ ሙቀት ነው። የታወቀው መነሻ ቅመማ 40 እጅ አመድ፣ 40 ፌልድስፓር (ማቅለጥ የሚያግዝ የድንጋይ ዱቄት)፣ 20 ካኦሊን ነው። የሚቀልጠው ግን 1280 አካባቢ ነው። አብዛኛው ቀይ ሸክላ ያን ያህል አይችልም። ይጎብጣል፣ ያብጣል፣ ብሎም እቶኑ ወለል ላይ ይፈሳል። ስለዚህ እቶንሽ 1050 ላይ የሚያቆም ከሆነ መሠረቱን ቦሮን (በዝቅተኛ ሙቀት የሚያቀልጥ ንጥረ ነገር) ያለበት ፍሪት አድርጊውና አመዱን 10 ወይም 15 እጅ ብቻ ጨምሪ። ያኔ አመዱ የሚሰጠው መልክ ነው፣ ማቅለጡን ፍሪቱ ይወጣዋል። ፍሪት ርካሽ አይደለም፤ ከጓደኞችሽ ጋር ተዋጥታችሁ ግዙ።

አመዱን አጣሪው። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ የሚንሳፈፈውን ከሰል አንሺ፣ ውሃውን ደጋግመሽ ቀይሪ። ጓንት ሳታደርጊ እንዳትነኪው፤ የአመድ ውሃ ቆዳ ይበላል። አመድ ከእንጨት እንጨት፣ ከቅርፊት ቅርፊት ስለሚለያይ አንዴ የተቃጠለውን በብዛት ሰብስበሽ አስቀምጪ። አለበለዚያ የወደድሽውን ቀለም ዳግም አታገኚውም። ምኒልክ ዘመን የገባው ዛፍ እንጦጦን ሸፍኖ ማገዶና አጣና ሲሆነን ኖሯል፤ ስኒ ላይ ቢወጣ ደስ ይለኛል።

ከሱሉልታ፦ ቀን ግሌዝ ነክሬ ማታውኑ አቃጠልኩ። ግሌዙ እየሸሸ ተሰብስቦ መሃል መሃሉን ባዶ ተወው። እንዳይረጥብብኝ ብዬ መጀመሪያ 95 ዲግሪ ላይ አቆይቼው ነበር።

ግሌዝ የሚሸሸው እቃው ላይ አቧራ ወይም የእጅ ቅባት ሲኖር፣ በጣም ሲወፍር ወይም ሳይደርቅ ሲቃጠል ነው። የእርስዎ የመጨረሻው ይመስለኛል። 95 ዲግሪ የሚለው ምክር የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሱሉልታ ደግሞ ከፍታው ስለሚበልጥ ከዚያም ትንሽ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ማድረቅዎ ሳይሆን መቀቀልዎ ነው። እንፋሎቱ ግሌዙን ከእቃው ያላቅቀዋል። 80 ላይ ያቆዩት። ከተቻለ ደግሞ አንድ ሌሊት አየር ላይ ያሳድሩት። ከመንከርዎ በፊት እቃውን በእርጥብ ስፖንጅ ይጥረጉ፤ ቅቤ የነካው እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ከገላን፦ የአሮጌ ባትሪ እርሳስ ቢጨመር ግሌዝ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል ብለው መከሩኝ። እውነት ነው?

ይቀልጣል። እንዳያደርጉት። እርሳስ በግሌዝ ውስጥ ለዘመናት በብዙ አገር ተሠርቶበታል፤ የመረዘው ሰውም ብዙ ነው። እርጎ፣ ጠጅ፣ ሎሚ፣ የቦካ ሊጥ፣ ኮምጣጣ ነገር ሁሉ እርሳሱን ከግሌዙ እያወጣ ወደ ምግቡ ይጨምረዋል። የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። እቶን ውስጥም ይተናል፣ ጡቡና መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ የሚቃጠለውን እቃ ይበክላል። ባትሪውን ማቅለጡ ራሱ ለእርስዎና ለግቢው ሰው መርዝ ነው። ለቡራዩዋ ልጅ የነገርኳት የቦሮን ፍሪት ለዚህም መልስ ነው። ሲገዙ እርሳስ የሌለበት መሆኑን ይጠይቁ። ደረቅ ዱቄት ሲመዝኑ ጥሩ ጭምብል ያድርጉ። ወለሉንም በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱ፤ የሲሊካ (የአሸዋው ማዕድን) ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ከሰበታ፦ ስኒዎቼ ከእቶን ሲወጡ ንጹሕ ነበሩ። ከወር በኋላ ደንበኛዬ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አሳየችኝ።

ሸክላው በደንብ አልበሰለም ማለት ነው። ያልበሰለ ሸክላ እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ግሌዙ አብሮ ስለማያብጥ ይሰነጠቃል። ሸክላው እስከቻለ ድረስ ሙቀቱን ከፍ ያድርጉ። ስንጥቁ ከእቶን ሲወጣ ጀምሮ ካለ ደግሞ ግሌዙ ሲቀዘቅዝ ከሸክላው በላይ እየተኮማተረ ነው፤ ሲሊካ 5 እጅ ጨምረው ይሞክሩ። ጀበና ላይም ግሌዝ እንዲቀቡ አልመክርም። ከሰል ላይ ሲወጣና ሲወርድ አይቆይም፣ ያለ ግሌዝ የኖረው በምክንያት ነው።

ከኮተቤ፦ 700 ዲግሪ ላይ መብራት ሄደ። እቃው ተበላሸ?

አልተበላሸም። በዚያ ሙቀት የእርስዎ ግሌዝ ገና አልቀለጠም። በሩን አይክፈቱ። መብራት ሲመጣ ካለበት ይቀጥሉ። ግን መብራት እንደሄደ ማብሪያውን ያጥፉት፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል መቆጣጠሪያውን ሊያቃጥል ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ያብሩት።