መጀመሪያ ዳኝነቱን ጻፊ

ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ከእናትሽ ጋር ቡና ልትጠጪ ስትመጪ ከደብተርሽ ገንጥለሽ የሰጠሽኝን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ክፍል ሳትገቡ ሜዳው ላይ ልትቀመጡ አስባችኋል። የትምህርት ቤቱ በር ልክ በ2፡00 ሰዓት ይዘጋል፤ ያረፈደ ጠጠር ላይ ይንበረከካል፤ ከዚያ "ወላጅ አምጣ" ተብሎ ይመለሳል። እናትሽ "ተይ በላት" ብላ በዓይኗ ስትጠቅሰኝ አይተሻል። ተይ አልልሽም።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በጥብቅና ስኖር አቤቱታ ስጽፍ ነው የከረምኩት። ክስ ሲጻፍ ታሪኩ ይተረካል፣ ማስረጃው ይዘረዘራል፣ መጨረሻ ላይ "የምጠይቀው ዳኝነት" የሚል ርዕስ ይመጣል፤ ፍርድ ቤቱ እንዲወስንልሽ የምትፈልጊው ነገር ማለት ነው። ዳኛው ምንም ቢያዝንልሽ ያልጠየቅሽውን አይፈርድልሽም። በወረቀትሽ ላይ በደሉ በደንብ ተጽፏል፤ ዳኝነቱ ግን የለም።

በ1964 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ እኛም ክፍል አንገባም ብለን ሜዳ ላይ ቆምን። ዲሬክተሩ ወጥተው "ምን ይደረግላችሁ?" አሉን። አንዱ ቤተ መጻሕፍቱ ይከፈት አለ፣ ሌላው የሚማታው መምህር ይነሣ አለ፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ ዝም ብለው ይጮኻሉ። እሳቸው ጥቂት አዳምጠው ተመልሰው ገቡ። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ክፍላችን ነበርን፣ ከፊት ከቆሙት ሁለቱ በስተቀር። ከእነሱ አንዱ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ተባረረ፤ ትምህርቱንም አልቀጠለም። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ በየካቲት 1957 ዓ.ም. አደባባይ ይዘውት የወጡት ቃል "መሬት ለአራሹ" ነበር። ምን እንደሚፈለግና ለማን እንደሚሰጥ በሁለት ቃል ተነግሯል። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ ጥያቄው ምን እንደሆነ ማንም አልጠፋውም።

የእናንተ ጉዳይ ሁለት ነው፤ አትቀላቅሉት። መንበርከኩ እንዲቀር መለመን አያስፈልጋችሁም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ቀኑንና የሆነውን ጽፋችሁ ለርዕሰ መምህሩ አስገቡ፤ ግልባጩ ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርም። ዝም ከተባላችሁ ከእናትሽ ጋር ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

የበሩ ሰዓት ግን ውይይት ይፈልጋል። ለሁለት ሳምንት መዝግቡ፤ ማን አረፈደ፣ ከየት መጣ፣ ስንት ደቂቃ? ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ አራት ኪሎ ለመምጣት የታክሲ ሰልፍ ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆማችሁ ይታወቅ። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የሚያስተምሩትን መምህርም ጠይቋቸው፤ ትምህርታቸው በየአምስት ደቂቃው በር ሲንኳኳ ይቋረጣልና እሳቸውም እውነት አላቸው። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ በራሳቸው ሥልጣን ሊፈቅዱት የሚችሉትን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ለምሳሌ ያረፈደ ተማሪ ወደ ቤቱ ከሚመለስ ቤተ መጻሕፍት ቆይቶ ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ይግባ። ጥያቄውን በተማሪዎች መማክርት በኩል ለወላጅ፣ መምህራንና ተማሪዎች ኅብረት አቅርቡ።

ፊርማ ስታሰባስቡ የሚፈራ ልጅ ካለ አታስገድዱት፣ በእሱ ስም ማንም እንዳይፈርም። በነፃ የትምህርት ዕድል የሚማር ልጅ የሚያጣው ከአንቺ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መልስ ካጣችሁ ሜዳው ያው አለ። በሰላም መሰብሰብና አቤቱታ ማቅረብ በአንቀጽ 30 የተጻፈ መብት ነው። ያን ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ወጥተው "ምን ይደረግላችሁ?" ቢሉ ሁላችሁም አንድ መልስ ይኖራችኋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ ቢሮዬ አለሁ። ዳኝነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ነይ፤ የቀረውን አብረን እናቃናዋለን።