መልስ፦ የጋራ ማዕከሉ ዳይሬክተር ተጠሪነት ለማን ይሁን?

ለማዕከሉ ቦርድ። ኮሌጁ፣ የምርምር ተቋሙና የገበሬዎች ዩኒየኑ ጅማ ላይ አብረው ለሚያቋቁሙት የቡና ምርምር ማዕከል፣ ዳይሬክተሩ ደመወዙን ከአንዳቸው ቢያገኝም የሥራ አፈጻጸም ምዘናውን የሚሞላው ቦርዱ ነው ብላችሁ በመግባቢያ ሰነዱ ላይ ጻፉ። ካልተጻፈ ሰውየው የሚታዘዘው እድገቱን ለሚፈርምለት አለቃ ነው፤ አይፈረድበትም።

በጥያቄዎ የቦርዱ ሰብሳቢነት በሦስቱ አባላት መካከል በየዓመቱ ይዙር ያሉት ግን አልተዋጠልኝም። ቡና ተተክሎ የመጀመሪያ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያም አንድ ዓመት በብዛት ሲያፈራ በሚቀጥለው ስለሚቀንስ የአንድ ወቅት ምርት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሰብሳቢ በተለወጠ ቁጥር የሙከራ ማሳው ዕቅድ ከተለወጠ ውጤት አይኖርም። ስለዚህ፦

1. ቦርዱ በጀት፣ ዓመታዊ ዕቅድና ኦዲት ይያዝ።
2. የትኛው ዝርያ በየትኛው ማሳ ይተከል የሚለውን የቴክኒክ ኮሚቴው ይወስን፤ የጸደቀ ሙከራ እስኪያልቅ በቦርድ ድምፅ አይነካ።
3. ዩኒየኑ በቦርዱ ድምፅ ይኑረው። ለመስክ ቀን (የሙከራ ማሳው ለሚጎበኝበት ቀን) ብቻ የሚጠራ አባል፣ አባል አይባልም።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ አረሙም የሚበረታው በዚያው ክረምት ነው። የአዲሱ ዓመት ገንዘብ እስኪለቀቅ ችግኝ በአረም ሲዋጥ አይቻለሁ። ለቀን ሠራተኛ የሚሆን መጠባበቂያ ከዩኒየኑ መዋጮ በማዕከሉ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ወጪውም በሁለት ፊርማ ይሁን።