«በስባሽ» ወይስ «ተበስባሽ»? ስለ ጂን አድራሽ ፖሊመሮች ለቀረበ ጥያቄ መልስ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ፖሊ ግቢ አስተምራለሁ። ጂንን ወደ ሕዋስ ስለሚያደርሱና በኋላ ሰውነት ውስጥ ስለሚፈርሱ ፖሊመሮች (ከብዙ ትናንሽ ክፍሎች ስለተቀጣጠሉ ረጃጅም ሰንሰለቶች) ለተማሪዎቼ የአማርኛ ማብራሪያ እያዘጋጀሁ ነው። «በስባሽ ፖሊመር» ብዬ ብጽፍ አንድ ባልደረባዬ «እሱማ ኮምፖስት ነው፤ ተበስባሽ ወይም ሟሚ በለው» አለኝ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ የጻፉትን አይሰርዙት። «በስባሽ» ትክክለኛ አማርኛ ነው፤ ባልደረባዎ የተቃወሙት ሌላ ቃል ነው።

«ብስባሽ» በሳድስ ሲጀምር ድርጊቱ ያለቀበትን ነገር ይሰይማል፤ «ፍርስራሽ» እንደምንለው። ከጣና እየታጨደ የሚወጣው እምቦጭ ተከምሮ ሲከርም ብስባሽ ይሆናል። «በስባሽ» በግዕዝ ሲጀምር ግን ከ«መስካሪ»ና ከ«ተርጓሚ» ወገን ነው፤ ገና ያልበሰበሰ፣ መበስበስ ግን ባሕርይው የሆነ። ፖሊመሩ ወደ ሰውነት ሲገባ ሙሉ ነው፤ የሚፈርሰው በኋላ ነው።

«ተበስባሽ»ን በፍጹም አልቀበልም። «እንጨቱ ተበሰበሰ» የሚል ሰው የት አለ? በሰበሰ የማይሻገር ግሥ ስለሆነ ተደራጊ አይወጣለትም፤ ማሻገር ስንፈልግ «አበሰበሰ» እንላለን። «ሟሚ»ም አይሆንም። ጨው ሟሟ እንላለን፤ ውኃው ሲተን ጨው ጨውነቱን ይዞ ይገኛል። የፖሊመሩ ሰንሰለት ግን አንዴ ከተበጣጠሰ ውኃው ቢደርቅም ተመልሶ ፖሊመር አይሆንም።

ጠንከር ያለ ተቃውሞ ያላቸው ሌሎች ናቸው። «መበስበስ ሽታና ትል ነው፤ ከሕክምና ጋር ምን ያገናኘዋል?» ይላሉ። ግሡን የሚያውቁት በግማሹ ነው። «ዝናብ አበሰበሰኝ» ስንል የሸተተ ነገር የለም፤ ውኃው እስከ ውስጥ ዘለቀ ማለታችን ነው። ሐይቁ ዳር ሁለቱ ፍቺዎች አንድ ዕቃ ላይ ይገናኛሉ። የደንገል ታንኳ ውኃ ላይ ሲውል ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ በሰበሰ። ባለቤቱ ጎትቶ ያወጣውና እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። እንዲህ ሲደረግለት ከርሞም ደንገሉ ይላላል፣ በእጅ ሲነካ ይበጣጠሳል፤ አሁንም በሰበሰ። የመጀመሪያው መበስበስ የሁለተኛው መንገድ ነው።

ኬሚስትሪውም ይህንኑ ይመሰክራል። ፒ.ኤል.ጂ.ኤ. የሚባለው ፖሊመር ላክቲክ አሲድና ግላይኮሊክ አሲድ ኤስተር በሚባል ኬሚካዊ ማያያዣ ተቀጣጥለው የተሠራ ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ውኃ ይዘልቀዋል፣ ማያያዣዎቹንም አንድ በአንድ ይበጥሳል፤ የተለቀቁትን አሲዶች ሰውነት በመጨረሻ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ አድርጎ ያስወጣቸዋል። ዋናው ሠራተኛ ውኃ ነው። የእንግሊዝኛው ስም «ባዮዲግሬደብል» ከፊቱ «ባዮ»፣ ማለትም «ሕይወታዊ»፣ የሚል ቅጥያ ስላለው አንባቢው ባክቴሪያ ይፈልጋል፤ የእኛው ግሥ ግን ውኃውንም መፍረሱንም በአንድ ቃል ይዟል። ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል?

ለጂን ሥራ ደግሞ መፍረሱ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው። ጂኑ የተሠራበት ዲ.ኤን.ኤ. ፎስፌት ስላለው ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ፖሊመር አቅፎ ወደ ደቃቅ ቅንጣት ይጠቀልለዋል። ከቀደምቶቹ አንዱ ፖሊኢታይሊኒሚን ጂን በማድረስ ብርቱ ነው፤ ግን አይበሰብስም፣ ሕዋሱንም ይጎዳል። ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሊንና ሮበርት ላንገር በ2000 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቋቸው ፖሊ ቤታ አሚኖ ኤስተሮች ዲ.ኤን.ኤ.ውን ያቅፋሉ፤ ኤስተር ስላላቸው ደግሞ በውኃ ይበሰብሳሉ።

«ፖሊመር»ን ለመተርጎም አይድከሙ። በግሪክኛ «ፖሊ» ብዙ፣ «ሜሮስ» ክፍል ነው፤ ከፖሊቴክኒክ ተቆርጦ የቀረው የግቢዎ ስምም ያው «ብዙ» ነው፤ ባሕር ዳር ከለመደው ቆይቷል።

ያልጠየቁኝን ልጨምር። ለ«ጂን» የመዝገበ ቃላት ሰዎች «በራሂ» የሚል ቃል አውጥተውለት ነበር፤ ከግዕዙ በርሀ፣ አበራ ከሚለው። እኔ እወደዋለሁ። «ጂን» ደግሞ ከ«ጅን» ጋር ስለሚጋጭ፣ «ጂን ወደ ሰውነት ማስገባት» ሲባል የሚደነግጥ አዛውንት ቢኖር አልፈርድበትም። ግን ተማሪው «ጂን» ብሏል፣ ሐኪሙም «ጂን» ብሏል፤ ስለዚህ እየከፋኝም ቢሆን «ጂን» ብለው ይጻፉ።

ጂን የሚያደርሰውን ፖሊመር «ተሸካሚ» በማለት ግን በቀላሉ አልረታም። ሐኪም ቤት «የቫይረሱ ተሸካሚ» ሌላ ሰው ነው። ደግሞም የተሸከመ ሁሉ አያደርስም። ቅንጣቱን ሕዋሱ በከረጢት ጠቅልሎ ይውጠዋል፤ ከዚያ ከረጢት ሳይወጣ ከቀረ ጂኑን ተሸክሟል እንጂ አላደረሰም። የዘርፉ አንዱ ትልቅ ራስ ምታት ይኸው ነው። ስለዚህ «አድራሽ» እላለሁ። አብዛኛው ሰው «ተሸካሚ» እንደሚል አውቃለሁ፣ ስሕተት ነው ማለትም አልችልም፤ እኔ ግን አልጽፈውም።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ የቃላቱን ተራ። «በስባሽ ጂን አድራሽ ፖሊመር» ብለው ከጻፉ አንባቢው በስባሹ ጂኑ ይመስለዋል። «ጂን አድራሽ በስባሽ ፖሊመር» ይበሉ። ባልደረባዎ «ተሸካሚ» ካሉ ይተዉላቸው፤ «ተበስባሽ»ን ግን አያስገቡላቸው።