«ብርቱካን» ከየት መጣ? ጠይቁኝ

የቃላትን ዘር ማንዘር መቁጠር ነፍሴ ነው። ዛሬ አንድ ቃል ብቻ ይዘን እንቀመጥ፤ «ብርቱካን»። ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቃሉ ከፖርቱጋል የመጣ ነው ይባላል። እውነት ነው?

አዎ። ዐረብኛው «ቡርቱቃል» ይላል፣ ያው ፖርቱጋል ማለት ነው። ዐረብኛ «ፐ» ስለሌለው በ«በ» ተካው። ግሪኩ «ፖርቶካሊ»፣ ቱርኩ «ፖርታካል»፣ ጆርጂያው «ፖርቶኻሊ» ይለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሜዲትራኒያን አካባቢ ቀድሞ የሚታወቀው መራራው ዝርያ ነበር። ጣፋጩ በኋላ ሲመጣ ዋነኞቹ አከፋፋዮች የፖርቱጋል ነጋዴዎች ስለነበሩ ፍሬው በነሱ ስም ተጠራ። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ግሪኮች ዛሬም መራራውን «ነራንጂ»፣ ጣፋጩን «ፖርቶካሊ» ብለው ይለያሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ «ል» እንዴት «ን» ሆነች?

ግብፅ ውስጥ ሰው ሲያወራ «ቡርቱአን» ነው የሚለው፤ «ን»ዋ እዚያም አለች። ስለዚህ የኛ «ን» ከመጽሐፍ ዐረብኛ ሳይሆን ከሰው አፍ የተወሰደች ትመስለኛለች።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1541 ከክርስቶፎሮስ ዳ ጋማ ጋር የመጡት ፖርቱጋሎች ይሆኑ እንዴ ቃሉን ያመጡልን?

ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፣ እኔ ግን አይመስለኝም። ፖርቱጋሎች ራሳቸው ብርቱካንን «ላራንዣ» ነው የሚሉት! በአገሩ ስም ፍሬ የሚጠራ ማን አለ? እንዲህ ያለውን ስም የሚያወጣው ተቀባዩ ነው። ከነሱ አፍ ብንወስደው ኖሮ ዛሬ «ላራንጃ» ምናምን እንል ነበር።

ጥያቄ፦ «ላራንዣ» እና «ኦሬንጅ» ይዛመዳሉ?

የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሳንስክሪት «ናራንጋ»፣ ፋርስ «ናራንግ»፣ ዐረብ «ናራንጅ»፣ ስፔን «ናራንሃ»። ጣልያን ላይ ሲደርስ ግን «ኡና ናራንቻ» ማለት፣ «አንድ ብርቱካን» እንደማለት ነው፣ ቶሎ ቶሎ ሲባል ሁለቱ «ና»ዎች ተዋዋጡና «ኡን አራንቻ» ሆኖ ቀረ። እስቲ ጮክ ብላችሁ ሞክሩት፣ ጆሯችሁ ራሱ ይነግራችኋል። የትግርኛው «ኣራንሺ» ከዚሁ ከጣልያንኛው ነው። አንድ አካባቢ እየኖርን እኛ በዐረብኛ በር፣ ትግርኛ በጣልያንኛ በር አስገባነው፤ ይሄ ሁሌም ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ «ነ»ዋን የጣሉት እንግሊዞች ናቸው ተብዬ ተምሬ ነበር።

አይደለም። ቃሉን ከፈረንሳይኛ ሲወስዱት «ነ»ዋ ቀድማ ወድቃለች።

ጥያቄ፦ ፍሬው ይቀድማል ወይስ ቀለሙ?

ፍሬው። የኛ «ብርቱካናማ» ራሱ ይናገራል። እንግሊዞችም ፍሬውን ከማወቃቸው በፊት ቀለሙን «ቢጫ ቀይ» ይሉት ነበር።

ጥያቄ፦ የሆላንድ ብሔራዊ ቡድን ብርቱካናማ የሚለብሰው ለምንድን ነው?

የንጉሣውያኑ ቤተሰብ ስም «ኦራንዬ» ስለሆነ ነው። ስሙ የመጣው ደቡብ ፈረንሳይ ካለች ከተማ ነው፣ ሮማውያን «አራውሲዮ» ይሏት ከነበረችው። በትውልድ ከፍሬው ጋር አይገናኝም፤ በጊዜ ብዛት ድምፃቸው ተመሳሰለና ቀለሙም አብሮ ተጣበቀ። ሆላንዶች ፍሬውን የሚጠሩት በሌላ ስም ነው፦ «ሲናስአፕል»፣ የቻይና ፖም። የሩሲያው «አፔልሲን»ም ትርጉሙ ያው ነው። እነዚህ እንኳን ወደ ፍሬው እውነተኛ አገር ጠጋ ብለዋል።